ወልደ ማርያምን ታንከር ላይ ያወጣው ሬዲዮ

ይድረስ ለወንድምዓለም ብሩኽ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ የእናታችን ጉልበትስ፣ የልጆቹ ሳልስ እንዴት ነው? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብልህ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ይህን ደብዳቤ ሰው ፊት አታንብበው፤ በተለይ ፋናዬ እንዳትሰማ። ባሏ፣ ወንድማችን ወልደ ማርያም፣ እዚህ ሱዳን ቁረይሻ የሚባል ቦታ ሰሊጥ ስናጭድ ተገደለ።

እዚህ የትኛው መንገድ እንደተከፈተ፣ ታጣቂ የት እንደታየ ሰው እየደወለ የሚናገርበት የሬዲዮ ፕሮግራም አለ። ድሮ በኤኤም ነበር፤ ቢንኮሻኮሽም ዳሳችን ውስጥ ጋደም ብለን እንሰማው ነበር። ነሐሴ ላይ በኤኤም ይቆይ ወይስ ወደ ኤፍኤም ይዛወር ብለው አድማጩን ጠየቁ። እኔ ያኔ ገዳሪፍ ከተማ ነበርኩና እዚያ የኤፍኤም ድምፅ ጥርት ስለሚልልኝ ደውዬ ኤፍኤም ይሁን አልኩ። እርሻ ስደርስ ይህን ለወልደ ማርያም ብነግረው አበደ። «ከተማ ተቀምጠህ የእርሻውን ሰው ደንቆሮ አደረግኸው» ብሎ በጥፊ አጮለኝ። እኔም አልማርኩትም፤ በማጭድ እጀታ አፍንጫውን አደማሁት። ሰዎች ባይገላግሉን እንጋደል ነበር።

ፕሮግራሙም ወደ ኤፍኤም ተዛወረ። ኤፍኤሙ እርሻው ድረስ አይዘልቅም፤ ከፍ ያለ ቦታ ካልወጡ ጭጭ ነው። ስለዚህ ወልደ ማርያም ቀን ቀን የውሃው ታንከር ላይ እየወጣ፣ አንቴናውን መዝዞ፣ የሰማውን ቁልቁል ይነግረን ነበር። ባለፈው ማክሰኞ «የገላባት ድንበር መንገድ ተከፍቷል፤ ነገ አገራችን እንገባለን» ብሎ ሳይጨርስ ታጣቂዎች በፒካፕ ደረሱ። አንቴና ይዞ ሲያዩት የጠላት ቃፊር መሰላቸው። ማን ነህ እንኳ አላሉትም፤ ጥይት አርከፈከፉበት። ተንከባሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ታንከሩ ተበሳስቶ ውሃው ሬሳው ላይ ይወርዳል፣ ደሙም አብሮ ይሄዳል። የሮጡትን ሁለት አጫጆች ሰሊጡ መሀል ገደሏቸው። የእኔን የፊት ጥርስ በሰደፍ አራገፉት፤ ነዶውን አቃጥለው ሄዱ። እስማኤል የሚባል ባለሱቅ ነጭ ጨርቅ ሰጥቶን ገንዘን ቀበርነው።

መርዶውን እንደ ወጉ ሽማግሌ ይዘህ ማለዳ ንገራት። ኤፍኤም ብዬ የደወልኩት እኔ መሆኔንም እንዳትደብቃት። ይህን ሳታውቅ ደጃፏን መርገጥ አልችልም።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን እየሩስን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ለፋናዬ ሰላምታ አልላክሁም። ስትሰማ የምትለኝን ግን አንድ ቃል ሳትቀንስ ጻፍልኝ።

ወንድምህ ያረጋል
ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.