ሁለት እጅ የኢስሃቅ፣ አንድ እጅ የኔ

ግንቦት 6 ቀን 1972 ዓ.ም.
ሁለት ክፍል አስተማርኩ። የሦስተኛ «ለ»ዎችን ደብተር አረምኩ። ከሰዓት የላላውን ቆርቆሮ በድንጋይ አስደገፍኩ። ሌላ ምንም የለም። እማማ ከሞተች አራት ዓመት፣ አባባ ከሞተ ሁለት... እኔና አራት ክፍል ቤት ተፋጠን ቀረን። አንዱን ስጠርግ ሌላው ይቆሽሻል።

ግንቦት 11
ዝውውሩ ተፈቀደ! ኮምቦልቻ፣ ከመስከረም ጀምሮ። ራሴ ጠይቄ ራሴ ደነገጥኩ። ለወንድሜ ለኢስሃቅ ምን ብዬ ልንገረው? እሱ እንደሁ ውጫሌ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሐይቅ ከተማ ያለው ቤት ራሱን በራሱ የሚጠብቅ ይመስለዋል።

ግንቦት 18
ነገርኩት። አዘዋወሩኝ ብዬ... ውሸቴን። ቤቱን እንሽጠው ስለው ተነስቶ ቆመ።
«ቆልፈሽው ሂጅ።»
«ቆልፌው ብሄድ ቀበሌ ይወስደዋል። ባከራየውም ይወስደዋል። የትርፍ ቤቱን አዋጅ አታውቅም ወንድምዓለም?»
«ያባቴን ቤት ለባዳ አልሸጥም! ሁለት እጁ የኔ ነው። ቃዲው ሲያካፍለን ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ። ረሳሽው?»
እንዴት እረሳለሁ? ሁለት እጅ ያለው ውጫሌ ይነግዳል፣ አንድ እጅ ያላት አራቱንም ክፍል ትጠርጋለች። ይህን ግን አላልኩትም። ምነው ባልኩት እያልኩ ስብከነከን ዋልኩ።

ግንቦት 19
አሁንም ተናድጃለሁ።

ሰኔ 3
ምን ዓይነት ጅል ነኝ! ቀበሌ ሄድኩ፤ ሽያጭ እንዴት እንደሚፈቀድ ለመጠየቅ ብቻ። ጸሐፊው አስረስ ፎርም ሰጠኝ። የባለቤቶች ስም... ድርሻ... አሁን የሚኖሩበት... ሰሌዳ ላይ እንደምጽፍ አሳምሬ ሞላሁት። ኢስሃቅ፣ ሁለት እጅ፣ ውጫሌ ከተማ፣ በራሱ ቤት።
አስረስ አነበበና ብዕሩን አስቀመጠ።
«እትዬ ፈዲላ፣ አውቀው ነው እንዲህ የጻፉት? አንድ ቤተሰብ ሁለት ቤት አይኖረውም። በዚህ ወረቀት የወንድምዎ ድርሻ ትርፍ ነው። ይወረሳል።»
ፎርሙን ልስበው እጄን ዘረጋሁ፤ አስረስ ያዘው።
«ያስተማሩኝ ነዎትና እስከ ሰኞ መዝገብ አላገባውም። ከዚያ ወዲያ ግን እኔም እንጀራዬ ነው።»
የቃዲውን ክፍፍል በገዛ እጄ ለመንግሥት ጽፌ ሰጠሁ። ኢስሃቅ ሆን ብላ አስወረሰችኝ ይላል። ሆን ብዬስ ቢሆን? አይ... አልነበረም። ወላሂ አልነበረም።

ሰኔ 7
ልኬበት ኢስሃቅ መጣ። የሆነውን ነገርኩት። ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ ጫማውን መልሶ አጠለቀ። መጮሁ ይሻለኝ ነበር። ተያይዘን ቃዲው ዘንድ ሄድን፤ በሁለት ምስክር ፊት ድርሻውን በሂባ፣ በስጦታ፣ ለኔ አሳልፎ ሰጠ። ሲፈርም ቀና ብሎም አላየኝ።
«ለመንግሥት ከሚሆን ላንች ይሁን» አለ። ይህችን ብቻ።
ምሳ ሠርቼ ነበር። ሳይቀምስ ሄደ።

ሰኔ 9
አስረስ አዲሱን ፎርም መዘገበ። ቤቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ሆነ። ከእንግዲህ የሚከለክለኝ የለም። ታዲያ ወረቀቱን ለምን ከፍራሽ ሥር ደበቅኩት?

ሐምሌ 2
ሙላት የሚባል የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ከሚስቱ ጋር መጥቶ ቤቱን አየ። ወደዱት። የሽያጩ ፈቃድም ወጥቷል። ነገ እንዋዋል ሲሉኝ ቀን ስጡኝ አልኩ። ለምን? ቤቱ የኔ አይደል እንዴ? አይደለም። የኔ ወረቀቱ ነው።

ሐምሌ 20
አልቻልኩም። ጾሜን ይዤ ውጫሌ ሄድኩ።
«ምን ፈልገሽ መጣሽ? ወረቀቱ እንደሁ ያንች ነው።»
«እሺ በለኝ።»
«አልልም።»
«ካላልክ አልሸጥም።»
«ብትሸጭም ባትሸጭም በኔ አታመካኝ። ዝውውሩን የጠየቀ ማነው?»
ያውቃል! ለካ ከመጀመሪያው ያውቃል። ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።
«ብቻዬን ነኛ!» አልኩት። «እዚያ ቤት ውስጥ ብቻዬን አረጀሁ።» ለማንም ብዬው አላውቅም።
የሱቁን በር ዘጋና፣ «እሺ አልልሽም ፈዲላ» አለ። «አልረግምሽምም። አሁን መኪና የለም፤ አፍጥሪና እደሪ።»
ሚስቱ ራህማ ቴምር አቀረበችልን። እጃችን እንዳይነካካ እየተጠነቀቅን ካንድ ሳህን በላን።

ነሐሴ 12
ሸጥኩ። እሺ ሳይለኝ ሸጥኩ። የሁለቱን እጅ ገንዘብ ላክሁለት። «የሰጠሁትን መልሼ አልቀበልም» ብሎ መልሶ ላከው።

መስከረም 29፣ ኮምቦልቻ
አዲሶቹ መምህራን ጨዋታ ያውቃሉ። እስቃለሁ። ብቻዬን አይደለሁም። ግን አረፋ አሥር ቀን ቀረው፤ ወዴት ነሽ ሲሉኝ የማርመው አለብኝ እላለሁ። በዓል ቀን ምን ይታረማል? በየዓመቱ ኢስሃቅ ነበር ልጆቹን ይዞ የሚመጣው። አሁን ወደየት ይምጣ?
ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ስሜን ጠራ። ከውጫሌ ነው። ደብዳቤ የለም፣ ቃል ብቻ።
«ኢስሃቅ በጉን ገዝቷል። እሷ ሳትመጣ አላርድም ብሏል። መልሷን ሳትይዝ እንዳትመጣ ብሎኛል፤ ምን ልበለው?»
«ከዋዜማው እመጣለሁ በለው» አልኩት።
ያለቀስኩት መኪናውን አስነስቶ ከሄደ በኋላ ነው።