የታወሩን ጫፍ ለሌላ የለቀቁት የአቶ ታምራት ገብረሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ታምራት ገብረሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ገብረሚካኤል ደስታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለላ ታከለ ኅዳር 6 ቀን 1949 ዓ.ም. በቀወት ወረዳ ኩርኩራ በር በተባለ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ገበሬ ሲሆኑ ለመንደሩ የመጀመሪያዋን የባትሪ ሬዲዮ የገዙትም እሳቸው ነበሩ። ሬዲዮዋ በተገዛች በሦስተኛው ሳምንት ታምራት ውስጧን ለማየት ፈትተዋት፣ መልሰው ሲገጥሟት ሁለት ብሎን ተረፋቸው። ሬዲዮዋ ግን ሠራች። ብሎኖቹ ድሮም ያለ ሥራ የተቀመጡ ናቸው የሚለውን ክርክራቸውን እስከ እርጅናቸው አልተዉም። ነገሩን ያነሳነው ለሳቅ ብቻ አይደለም፤ አባታችን "ተሳስቻለሁ" የምትለዋ ቃል ከአፋቸው አልወጣ የምትላቸው ሰው እንደነበሩ ለማያውቃቸው ለማስረዳት ነው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሸዋ ሮቢት፣ የሁለተኛ ደረጃውን በደብረ ብርሃን ተከታትለው በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሬዲዮ መገናኛ ቴክኒሻንነት ሠለጠኑ። ከዚያም በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሸዋ ሮቢት በመንግሥት ሥራ ሲያገለግሉ ቆይተው በ2009 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፋናዬ ይመር ጋር ትዳር መሥርተው ሐናንና ሰይፉን አፍርተዋል። ወ/ሮ ፋናዬ እንደሚያስታውሱት በሠርጉ ዕለት ሙሽራው ለአንድ ሰዓት ያህል ጠፍተው፣ በፍለጋ የተገኙት ከዳሱ ጀርባ የተበላሸውን የድምፅ ማጉያ ሲጠግኑ ነው።

ጡረታ ሲወጡ ያርፋሉ ብለን ነበር። እሳቸው ግን ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው ሬዲዮ ከሚነካኩ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው፣ የሚያስፈልገውን ፈቃድ አውጥተው፣ የአማተር ሬዲዮ ክበብ አቋቋሙ። በ2011 ዓ.ም. ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ጉብታ ላይ ታወር አቆሙ። ጫፉ ላይም የሪፒተር አንቴና ሰቀሉ፤ ሪፒተር ማለት የእጅ ሬዲዮን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ አጠንክሮ፣ ሩቅ ድረስ መልሶ የሚለቅ መሣሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከማጀቴና ከአጣዬ እስከ ሸዋ ሮቢት ያሉት የክበቡ አባላት በስም ይጠራሩ ጀመር። የሮቢ ወንዝ የሚሞላበት ክረምትም ሲመጣ ከላይ ያሉት ከታች ላሉት የሚያስጠነቅቁት በዚሁ ነበር።

ታወሩ የቆመው በሐጂ አብዱልመጂድ ማሽላ ማሳ ጠርዝ ላይ ነው። ሐጂ የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ናቸው፤ ቦታውን ሲሰጡ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማሽላው ሲያፈራ ግሪሳ ወፍ ማባረሪያውን ጣሳ የሚያንጠለጥሉበትን ገመድ ከታወሩ እግር ላይ ማሰር። አቶ ታምራትም "ካሻህ በሬህንም እሰርበት" ብለው ፈቀዱ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የሐጂ ልጅ ኑርሃን ትምህርቷን ጨርሳ ተመለሰች። ከጓደኞቿ ጋር ፈቃድ አግኝታ፣ ለትምህርት ቤቶችና ለገበሬዎች ማኅበር በአየር ኢንተርኔት የሚያደርስ መሣሪያ ልትተክል ታወሩን ለመጋራት ጠየቀች። አቶ ታምራት ደስ አላቸው። ውል ተጻፈ፤ ወገቡ የኑርሃን፣ ጫፉ የሪፒተሩ ሆነ። ችግሩ መሣሪያው የሚያደርሰው በቀጥታ ለሚታየው ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ከሸንተረሩ ጀርባ ያለው ጤና ኬላ ከወገቡ ላይ አለመታየቱ ነው። የኬላው ሠራተኛ ሙሀባ የወላድ ሪፖርት ለመላክም ሆነ ሐኪም ለመጠየቅ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ ትሄዳለች። ኑርሃን ጫፉን ለመነች። አባታችን "ጫፉን አትንኪብኝ እንጂ ሌላው ያንቺ ነው" አሉ።

በጥቅምት አጋማሽ ሪፒተሩ መንጫጫት ጀመረ። ስም ጥሪው በግማሽ ይቆረጣል፤ የማጀቴው ሰው ሲናገር እሾህ ላይ የሚጎተት ቆርቆሮ ይመስላል። አዲስ የመጣው የኑርሃን መሣሪያ ነውና ጣታቸውን ወደዚያ ቀሰሩ። ፈተናም አደረጉ። ሦስት ቀን በየቀትሩ እሷን ዕቃሽን አጥፊ ብለው ሲያዳምጡ ሪፒተሩ መንጫጫቱን ተወ። "ይኸው!" ብለው ጫፉን መከልከል ይቅርና ወገቡንም እንድትለቅ ነገሯት። ኑርሃን አልተከራከረችም፤ ከፍቷት መሣሪያዋን ሁሉ አጥፍታ ቁልፉን ለአባቷ ሰጠች። ትምህርት ቤቶቹ ከመስመር ወጡ። በሁለቱ ወዳጆች መካከልም ሰላምታው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ማለዳ ግን ሪፒተሩ እንደ ልማዱ ተንጫጫ። በሳልስቱም እንዲሁ። የኑርሃን መሣሪያ ጠፍቶም መንጫጫቱን ልብ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ሁለት ቀን ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ቆይተው በሦስተኛው የእጅ ሬዲዮአቸውን ይዘው ወደ ጉብታው ወጡ። ሐጂ አብዱልመጂድ ከማማቸው ላይ ሆነው ወፍ ለማባረር ሽቦ ሳብ ሲያደርጉ፣ ሬዲዮው በአቶ ታምራት እጅ ላይ ተንጫጫ። ለቀቅ ሲያደርጉ ዝም አለ። ነገሩ ለካ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ያን ዓመት የሐጂን ገመድ ምስጥ ስለበላው በምትኩ ከታወሩ ጋር የታሰረው የዛገ ሽቦ ነው፤ ዛጉ ከታወሩ ብረት ጋር በተፋጨ ቁጥር የሪፒተሩን ድምፅ ያውካል፤ ሽቦውን አውጥተው የሰጧቸው ደግሞ ራሳቸው አቶ ታምራት ናቸው። በቀትር ዝም ማለቱም ወፍ በቀትር ጥላ ስለሚይዝና ሽቦውን የሚስብ ስለሌለ ኖሯል።

"ምነው ታምሬ፣ ምን ሆንክ?" አሉ ሐጂ ከላይ።

"ልጅህን በድያለሁ" አሉ አባታችን።

ቤታቸው ሄደው ይቅርታ ቢጠይቁ በበቃ ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ ስም ጥሪ ላይ፣ ከማጀቴ እስከ ሮቢት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሽቦውም የኔ ነው" አሉ። ወ/ሮ ፋናዬ በዐርባ ዓመት ትዳራቸው ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያን ዕለት መሆኑን፣ እሱንም በሬዲዮ መሆኑን ለጎረቤት ሁሉ አውርተዋል። በዚያው ሳምንት የሪፒተሩ አንቴና ዐሥራ ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ጫፉ ለኑርሃን ተለቀቀ። እሷ እየወጣች፣ እሳቸው ከታች እየተቆጡ ሥራው በሁለት ቀን አለቀ። የሙሀባ ጤና ኬላም ከዚያ ወዲህ ከሐኪም ጋር በቀጥታ ይነጋገራል።

አባታችን ከዚያ ጀምሮ በየማለዳው ሬዲዮ ይዘው እስከ አስፋልቱ መታጠፊያ መሄድ አመጡ። ለምን ሲባሉ "ለእግሬ ጤና" ይላሉ፤ እኛም አመንን። በ2017 ዓ.ም. ክረምት የልብ ሕመም ጠንቶባቸው አልጋ ላይ ሲውሉ ከስም ጥሪው ጠፉ። በስም ጥሪው መግባት የጀመረችው ኑርሃን ሁለት ማለዳ ጠርታ መልስ ብታጣ ከአባቷ ጋር በባጃጅ እየበረረች መጣች። አቶ ታምራት አልጋቸው ላይ ተደግፈው ፓፓያ ሲበሉ አገኘቻቸው።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ..." ብላ እንባ ቀደማት።

"ብሞት ኖሮ በር ላይ ድንኳን ታዪ ነበር" አሏት።

ጉዳዩ የታወቀው ያኔ ነው። አንቴናው ዝቅ ሲል ማጀቴም አጣዬም አልጠፋም፤ ጉብታው የጋረደው የእሳቸውን ቤት ብቻ ነበር፤ በየማለዳው እስከ መታጠፊያው የሚሄዱትም ድምፁ የሚሰማው እዚያ ስለሆነ ኖሯል። ይህንንም ጫፉን ከመልቀቃቸው በፊት ለክተው ያውቁ ነበር።

"ምነው ሳይነግሩኝ?" አለች ኑርሃን።

"ብነግርሽ ጫፉን ትመልሺልኝ ነበራ። እኔ አልሰማሁትም ማለት እኮ ጣቢያው ዝም አለ ማለት አይደለም። እናንተ ትሰማማላችሁ።"

በማግስቱ ኑርሃን ሪፒተሩን ከኢንተርኔቷ ጋር አገናኝታ ድምፁን አልጋቸው አጠገብ ባለ ስልክ አስገባችላቸው። አባታችን በሕክምናና በቤተሰባቸው እንክብካቤ ወራት ሲቆዩ አንድም ማለዳ ሳይሰሙ አልዋሉም። ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. የማለዳውን ስም ጥሪ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ ለወ/ሮ ፋናዬ "ሁሉም ደህና ናቸው" ብለው ነገሯቸው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ታምራት ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፋናዬን፣ ልጆቻቸውን ሐናንና ሰይፉን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ወንድም ያህል የሚወዷቸውን ሐጂ አብዱልመጂድን፣ እንዲሁም በትናንትናው ማለዳ ስም ጥሪውን የመራችውን ኑርሃንን ትተውልን ሄደዋል።

ከፍታቸውን ለሰው የለቀቁትን አባታችንን እግዚአብሔር በደጋጎቹ መካከል ሰፊ ስፍራ ይስጥልን፤ እኛንም እርስ በርስ የምንሰማማ ያድርገን። አሜን።