የመኪናዋ መያዣ፣ የእኔ ሣጥን

ሰኞ

ለገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ደብዛው የጠፋው የአያት የግራ እግር ካልሲ ዛሬ ጠዋት ከፍሪጁ ጀርባ በሰላም ተገኝቷል። በፍለጋው ለደከማችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ይህን እንደ ዜና ጮክ ብዬ ሳውጅ የልጅ ልጄ ቤዛ እንኳ አልሳቀችም። ከባሏ ከናሆም ጋር የጉዟችን ሒሳብ ላይ ነበሩ። በአሮጌዋ ፒካፕ ኬንያን፣ ታንዛንያን አቋርጠን እስከ ዛምቢያው ፏፏቴ፣ አራት ወር። እኔም አለሁበት። ማለቴ፣ ነበርኩበት።

ቤዛ ከስልኳ አነበበች። ነዳጅ። ጎማ። ቪዛ። ማደሪያ። መኪናዋ እዚያ ሳትሸጥ ተመልሳ እንድትገባ ለጉምሩክ በመያዣነት የሚቀመጥ ገንዘብ። ከዚያ "ያልታሰበ ወጪ" አለችና ድምጿ ወረደ። ትልቁ ወጪ እሱ ነው።

"ምንድን ነው ያልታሰበው?"

ናሆም ነው ያወጣው። "አባባ፣ ምናልባት እዚያ አንድ ነገር ቢሆኑ... ወደ አገር ለመመለስ።"

አስከሬኔን ነው! ካልታሰበ ዋጋው እንዴት ተጠየቀ? ለመኪናዋ መመለሻ መያዣ፣ ለእኔ መመለሻ ሣጥን። ስኮርታ ጎማ እንኳ ሌላው ሲፈነዳ ይጠቅማል ተብሎ ነው የሚጫነው።

ሣጥኑ ከገባ ገንዘቡ ከናይሮቢ አያልፍም። ወይ እኔ እቀራለሁ፣ ወይ ፏፏቴው ይቀራል። "እርስዎ ይወስኑ" አለኝ ናሆም በትሕትና። በትሕትና ሲሆን ደግሞ የባሰ ያናድዳል።

ማክሰኞ

አኩርፌ ቁርስ አልበላሁም። ምሳ በላሁ። ሽሮው ምን አደረገኝ?

እነዚህ ልጆች አይገባቸውም። ዕድሜዬን ሙሉ ጭነት ሞያሌ አድርሼ፣ ኬላው ጋ መኪናዬን አዙሬ ተመልሻለሁ። ከገመዱ ወዲያ ያለችውን የሻይ ቤት ሴትዮ በዓይን አውቃታለሁ፤ ሻይዋን ግን አልቀመስኩም። አንድ ጊዜ መሻገር ነው የፈለግኩት። አንድ ጊዜ!

ምድር ቤት ከድር ሱቅ ወረድኩ። ከድር ባለሱቅም የዕድራችን ዳኛም ነው።

"ስሞት ለቤተሰቤ የምትሰጡትን ዛሬ ለእኔ ስጡኝ" አልኩት። "በነዳጅም ይሁን።"

"መጀመሪያ ሙት፣ ከዚያ ና።"

"ሞቼ እንዴት ነው የምመጣው?"

"እሱ የአንተ ጉዳይ ነው።"

"እሺ፣ ውጭ አገር ብሞትስ?"

"የዕድራችን ድንኳን ሞያሌን አይሻገርም።"

ይህን ሁሉ ዓመት አዋጥቼ! ለቅሶ ቀረህ እየተባልኩ ስንቴ ተቀጥቼ! ሳልሰናበተው ወጣሁ።

ረቡዕ

የራሴን በጀት አወጣሁ።

— ጉዞው በጾም ይጀመር፤ ሥጋ አይገዛም።
— ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ለአራት ወር ከቤት።
— ማደሪያ፦ እነሱ ድንኳን፣ እኔ መኪናው ውስጥ።
— ሣጥን፦ ዜሮ። የወደቅኩበት ይቅበሩኝ።

ቤዛ ድርቆሹ ላይ ስትደርስ በሳቅ ፈረሰች። "አባባ፣ ይህ ሁሉ ጆንያ ከተጫነ እኛ የት እንቀመጣለን?" እውነቷን ነው። በሐሳቤ የጫንኩት የድሮ ተሳቢዬ ላይ ነበር።

ዜሮው ጋ ስትደርስ ሳቋ ቆመ።

"ብቻዎን እዚያ ትቼዎት ልመጣ? እማዬ የት አደረግሽው ስትለኝ ምን ልበላት?"

"በቁሜ አትገንዢኝ!" ብዬ ጮህኩባት። ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። አለቀሰች። ናሆም በረንዳ ወጥቶ ቆመ።

አሁን በእሷም በራሴም ተናድጃለሁ። ሁለት ንዴት በአንድ ሆድ አይቻልም፤ እራትም አስቀረኝ።

ሐሙስ

ምሳ ላይ ወሬውን እኔ ጀመርኩ።

"ናይሮቢ ድረስ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ከዚያ ባስ ላይ ጫኑኝ፣ እናንተ ቀጥሉ። ሣጥኑን ሰርዙና የባስ ትኬት ጻፉ።"

ናሆም ስልኩ ላይ አሰላ። "ፏፏቴው ጋ ያደርሰናል" አለ፤ ፊቱ በራ። ደስታውን ትንሽ ቢደብቅ ምናለበት?

"ሰረዝሽው?" አልኳት ቤዛን።

"አሳነስኩት።"

"ቁመቴን ነው ያሳነስሽው?"

ልትስቅ ስትል ከንፈሯን ነከሰች። "እስከ ናይሮቢ ላለው ብቻ አስቀመጥኩ፣ አባባ። ከዚያ በታች አልወርድም። ከፈለጉ ይቆጡ።"

ተቆጣሁ። ግን ሻይዋን እጠጣለሁ፤ የሞያሌዋን። ሴትዮዋ በሕይወት ካለች።

አንድ ነገር ቀርቷል። ማክሰኞ የጻፍኩት የድንኳኑ ነገር ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ውጭ አገር ብሞትስ ስለው ከድር ስኳር እየመዘነ ነበር። መስፈሪያውን አስቀመጠ። "ሂድ፣ ዘለቀ" አለኝ፣ "ግን ተመለስ። ከአንተ ሌላ ማንን እሰድባለሁ?"

እንዲህ በሚል ሰው እንዴት ይናደዳሉ? ያን ቀን ደግሞ መናደድ ነበረብኝ።