ከጉግሱ ሜዳ ያነሣሁሽ ዕለት

ብርቅዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ ያለሽበትን አላውቀውም፤ ነፍስሽን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ። ከተለየሽኝ ትናንት ዓመት ሞላ። ካህናቱ ተሰብስበው ሙት ዓመትሽን አወጡልሽ። እኔ ግን ዛሬም እንደ ደነገጥሁ ነኝ።

ቤቱ ያው ነው። ላሚቱ ወልዳለች፤ ገብሱም ደህና ገባ። የወጌሻነት ዕቃሽን፣ ስብራት የምታስሪበትን የቀርከሃ ስንጣሪና የነጠላ ቅዳጅ፣ ማንም እንዳይነካብኝ ከመጻሕፍቴ ጋር ሰቅዬዋለሁ።

በየጥምቀቱ ታቦቱ ሲመለስ እኔ ከደብተራዎቹ ጋር ስዘምር፣ አንቺ አርብ ገበያ ካለው የጉግስ ሜዳ ዳር ትቀመጪ ነበር፤ ማንም ሳያዝሽ፣ ከማንም ምንም ሳትቀበዪ። «ሰው ታቦት ያጅባል፣ የኔዋ ፈረስ ታጅባለች» እያልሁ አሾፍብሽ ነበር። ፈረሰኛ ሲወድቅ ሰዉ ሊያነሣው ይሮጣል። አንቺ ቀድመሽ ትደርሺና «አታንሡት! አንገቱን ሳላይ ማንም እንዳይነካው!» ብለሽ ትጮኺያለሽ። ፊታውራሪው እንኳ ቆመው ይጠብቁሽ ነበር። ማታ ይህንኑ ስታወሪልኝ እሺ እሺ ብዬ ወደ ድጓዬ እመለሳለሁ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ።

አምና የወደቀውን ልታዪ ስትገቢ ከኋላ የመጣ ፈረስ ሲጥልሽ፣ መቋሚያዬን ጥዬ ሮጥሁ። ዓይንሽ ተገልጦ ታዪኝ ነበር። ትተነፍሺ ነበር። አቅፌ አነሣሁሽ። ክንዴ ላይ አንገትሽ ወደ ኋላ ወደቀ፤ እስትንፋስሽም ያኔውኑ ቆመ። እኔ ነኝ ያነሣሁሽ፣ ብርቅዬ። የንስሐ አባቴ ቀኗ ደርሶ ነው ብለው መከሩኝ፤ አልተጽናናሁም።

ትናንት ደግሞ በጥምቀቱ ጉግስ አንድ የእስቴ ፈረሰኛ ወደቀ። ማንም አላነሣውም። ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት ቀረ፤ እናቱ ሳትቀር እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ክው አልሁ። አገሩ በሙሉ ቃልሽን ይዞት ኖሯል፤ ሃያ ዓመት አብሬሽ የኖርሁት እኔ ብቻ አልያዝሁትም። ዞር ብለው አዩኝ። ሄጄ ተንበረከክሁና ራሱን በሁለት መዳፌ ደግፌ፣ እግርህን አንቀሳቅስ አልሁት። አንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ በሰው ሁሉ ፊት አለቀስሁ።

ከእንግዲህ ለጥምቀት ማኅሌቱን ለሌሎች ትቼ አንቺ ቦታ እቀመጣለሁ። የደብሩ አለቃ ቢቆጡም ይቆጡ። ይቅር በይኝ። አልረሳሽም ብዬ መማል አያስፈልገኝም፤ ያነሣሁሽ በዚሁ በምጽፍልሽ እጅ ነው።