ያለቀለቅኩት ብርጭቆ

ነሐሴ 12 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ሁሉ ዝናብ አምልጦ፣ ደርቆ ይድረስሽ። ከሁሉ በፊት ልብሽ እንዲያርፍ፣ እናትሽ ደህና ናት። ከትናንት ወዲያ ከክሊኒክ ወጥታለች። ጉልበቷ ገና ነው፤ ምላሷ ግን ተመልሷል። ዛሬ ጠዋት «ልብስ ሰፊ ሆነህ ኮሌታህ ይጣመም?» ብላ ተቆጥታኛለች።

ዝናቡ አሥር ቀን ሙሉ አላባራም። ጎርፉ ሱቄ ገብቶ እስከ ስፌት መኪናዬ ፔዳል ደርሶ ነበር። የቧንቧው መስመር ተሰብሮ ከፍሳሽ ጋር ስለተቀላቀለ ሳታፈሉ ወይም ሳታጣሩ እንዳትጠጡ ተባልን። ያኔ ነው የላክሽልኝን የእጅ ማጣሪያ ከካርቶኑ ያወጣሁት። መጀመሪያ ድፍርሱን ውሃ እንዳለ ብሞላበት ወዲያው ተደፈነ። ከዚያ እንደ ነገርሽኝ ውሃውን አቆይቼ፣ ጭቃው ሲዘቅጥ በገበር ጨርቅ አጥልዬ ባሳልፈው ኩልል ብሎ ወረደ። ኮራሁብሽ፤ ያላሳየሁት ጎረቤት የለም።

ማጣራት በጀመርኩ በአራተኛው ቀን እናትሽ ታመመች። ተቅማጡና ትውከቱ በአንድ ቀን አመነመናት። ደውዬ «የላክሽው ዕቃ እናትሽን ሊገድልብኝ ነው!» ብዬ የጮኽኩብሽ ያን ቀን ነው። ስልኩንም ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አልደወልሽም፤ አልፈርድብሽም።

በማግስቱ እናትሽ ተኝታ ሳለ የክሊኒኩ ነርስ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«አባባ፣ ውሃ እንዴት እንደሚሰጧቸው አንድ በአንድ ይንገሩኝ።»

«አጣራለሁ። ብርጭቆውን አለቀልቃለሁ። ከዚያ እቀዳላታለሁ።»

«የሚያለቀልቁት በየትኛው ውሃ ነው?»

«በቧንቧው…» አልኩ።

ታውቂያለሽ፣ ከተጋባን ጀምሮ ዓይኗ እያየ ብርጭቆውን ሳላለቀልቅ ለእናትሽ ውሃ ሰጥቻት አላውቅም። እኔ እንደ ሰው አቆላምጬ መጥራት አልችልበትም፤ የእኔ ማቆላመጥ ይኸው ነው። እኔማ ከማጣሪያው አፍ ስለምጠጣ ምንም አልነካኝም። እሷን ግን ያንን ቆሻሻ በገዛ እጄ አጠጣኋት። ማጣሪያሽ ምንም አላጠፋም ልጄ። ይቅር በይኝ።

አሁን የማለቀልቀው በተጣራው ነው። ውሃው ይባክናል፣ እኔም ቁጭ ብዬ ሳጣራ እውላለሁ፤ ይሁን። የከበደኝ ሌላ ነው። እናትሽ እስካሁን ጥፋቱ የማጣሪያው ይመስላታል። «ልጅቷን እንዳትቆጣት፣ በደግ አስባ ነው የላከችው» እያለች ታማልድሻለች። እኔም ዝም እላለሁ።

ለአንቺ የምጽፈውን ሁሉ ሳላነብላት ፖስታ እንደማልዘጋ ታውቂያለሽ። ይኸው ትራስ ተደግፋ «አልጨረስክም?» ትለኛለች።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ፣ አንብቤላታለሁ ማለት ነው።

አባትሽ