የፓክ ቱኪጃን የዕረፍት ሰዓት

ኦገስት 4፣ ሰኞ
ማራገቢያው ዛሬም አይሠራም። ከማጌላንግ ሱራባያ አውቶቡስ የሚነዱት ሾፌሮቻችን በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ሰንጠረዥ አሉ... የተነሱበት፣ የደረሱበት ሰዓት። ለስንት ሰዓት እንዳረፉ የሚያሳይ ዓምድ ግን የለም። ሾፌር መዳቢዋ ሱላስትሪ ዕረፍታቸውን በጣቷ ትቆጥራለች። ዓምድ ልጨምር ብል ሰንጠረዡ እምቢ አለኝ። ከጃካርታው ዋና ቢሮ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው፣ በየሰዓቱ ራሱን ያድሳል፤ ማየት እንጂ መንካት የለም።

ኦገስት 5
ጃካርታ ደወልኩ። ሰንጠረዡን የሚይዘው ሄንድራዋን፦ «ሁሉም ቅርንጫፍ ያማረውን ሲጨምር እኔ ምን ልሁን? በሚቀጥለው ወር ጠይቂኝ።» ደከመኝ።

ኦገስት 7
ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁላችንም ፓክ (አባባ) የምንላቸው ሾፌር፣ ፓክ ቱኪጃን፣ ከመንገድ ገቡ። የተጠበሰ የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉ፣ ይዘውልኝ። ዓይናቸው ደም መስሏል። «እንቅልፍ ለሽማግሌ ምን ያደርግለታል፣ ልጄ?» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።
ሰንጠረዡን ወደ ኮምፒውተሬ ቀዳሁት፤ ቅጂው ላይ ዓምዷን ጨመርኩ። ሠራች! «ጣቴን ገላገልሽኝ» አለች ሱላስትሪ። ነገ እሷ የለችም፤ ሌላ ሰው ይመድባል።

ኦገስት 9፣ ቅዳሜ
ጠዋት ሱላስትሪ ከበሩ ጮኸች፦ «ፓክ ቱኪጃን ስንት አርፈዋል?»
«አርባ ሰዓት።»
«ሙሽራም እንዲህ አያርፍም! ይሂዱ በቃ።»
እሳቸው የአውቶቡሱን ቁልፍ ተቀበሉ። «ኮምፒውተሩ አርፈሃል ካለኝ፣ አርፌያለሁ ማለት ነው።»

ኦገስት 10
አውቶቡሱ ትናንት ንጋዊ ከተማ አጠገብ ሩዝ ማሳ ውስጥ ገባ። ተሳፋሪዎቹ ደህና ናቸው። የፓክ ቱኪጃን ጭን ተሰብሯል። እንቅልፍ...
ቅጂው ሐሙስ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ዓርብ ሱራባያ ደርሰው ሌሊቱን መመለሳቸውን አያውቅም። ቅጂ በራሱ እንደማይታደስ አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። ረሳሁት።

ኦገስት 12
ሥራ አስኪያጁ፦ «አርባ ሰዓት አርፎ መሪ ላይ የሚተኛ ሾፌር ይሰናበታል።» ስለ ቅጂው አልነገርኩትም። ለምን?

ኦገስት 13
ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። «የምትሰናበቺው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ» አለኝ። እሺ አልኩ።

ኦገስት 15
የእሳቸው ስንብት ቀረ። ለእኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ሄንድራዋን ዓምዷን ዋናው ሰንጠረዥ ላይ ጨመራት። ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ሃያ ደቂቃ!

ኦገስት 24፣ እሑድ
ፓክ ቱኪጃን ቤት ሄድኩ። እግራቸው ትራስ ላይ ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። አፈርኩ፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።
እሳቸው፦ «ኮምፒውተሩ አሁንስ ስንት አርፏል ይላል?»
ዋናውን ሰንጠረዥ ስልኬ ላይ አየሁ። «ሦስት መቶ ስድሳ ሰዓት።»
«አሁን ልክ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።
ሻዬን ሳልጨርስ ሦስት መቶ ስድሳ አንድ ሆነ።