የክርስትና ልጅህ እዚያው ከተማ ናት

ይድረስ ለልጄ ለሮዴልዮ። ቅዱሱ ሕፃን ይጠብቅህ፤ ከሩቅም ቢሆን እጄ ግንባርህ ላይ ይረፍ።

እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ብቻ ያስቸግረኛል። እዚህ በከተማችን በኢሎኢሎ ዝናቡ አላባራም። አውቶቡሶችህን እህትህ በደንብ ይዛቸዋለች።

እንቅልፍ የነሳኝ የሾፌርህ የቤንሆ ሚስት፣ የፌሊሳ ነገር ነው። በየማለዳው መጥታ ደጄ ላይ ትቀመጣለች። አንተ በተሾምክበት ከተማ የቤት ሠራተኛ የሆነችውን ልጇን ማሪቪክን አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ነጥቀው ቆልፈውባታል። ኤምባሲህ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ብሎ ጻፈላት። ወረቀቱን አሳየችኝና፣ «እማማ፣ ልጅሽ አምባሳደር ሲሆን ዐይኑ ደከመ እንዴ? ሦስት ወር ሙሉ የሚያየው ምንድን ነው?» አለችኝ።

የሠራተኞችህን ልጆች ሁሉ ክርስትና ስላነሳህ ረስተሃት ይሆናል፤ ማሪቪክንም ያነሳሃት አንተ ነህ። ነጋዴ ሳለህ አውቶቡስ ተበላሽቶ መንገድ ላይ ሲቆም ጸሐፊ አትልክም ነበር፤ እጅጌህን ሰብስበህ ራስህ ትሄድ ነበር። አሁንም ባንዲራ ባለው መኪናህ ራስህ ሂድና በሩን አንኳኳ።

ፌሊሳን «እሁድ የልጅሽን ድምፅ ትሰሚያለሽ» ብያታለሁ። እግዜር መንገድህን ያቅናልህ። እሁድ ስትደውል ስልኩን የምታነሳው ፌሊሳ ናትና፣ የእኔን ጤና ከመጠየቅህ በፊት ልጇን አገናኛት።

እናትህ